ሰር ቪክቶር ሆርስሊ፤ የአንጎልን ጥልቅ ስፍራ በቍጥር የፈለገ ሐኪም

በክፍላችን ጣራ መካከል የተንጠለጠለውን አምፖል ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ጫፍ ንኩ ብንባል ምን እናደርጋለን? በዳበሳ የሄድን እንደ ሆነ ወንበር እንገለብጣለን፤ ጓደኛችንን እንገፈትራለን፤ ምናልባትም አምፖሉን እንሰብረዋለን። ነገር ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ከግራው ግድግዳ ይህን ያህል፣ ከጥቁር ሰሌዳው ይህን ያህል፣ ከወለሉም ይህን ያህል ይርቃል ብሎ ሦስት ልክ ቢሰጠን በጨለማም ቢሆን እጃችንን ወደ ስፍራው ለማድረስ እንችላለን። ይህ በሒሳብ ትምህርት የምናውቀው ተራ ነገር ነው። ዳሩ ግን ይህ ተራ ነገር ወደ ሕያው አንጎል ውስጥ እስኪገባ ድረስ የሰው ልጅ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መቆየት ነበረበት።

ዛሬ የአንጎልን ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከጠጕር የቀጠነ የብረት መርፌ በኮምፒዩተር እየተመራ ወደ አንጎል ጥልቅ ስፍራ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ይህ መርፌ ኤሌክትሮድ ይባላል። ሥራውም የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ አንዲት ትንሽ ስፍራ ማድረስ ወይም የነርቭ ሕዋሳት የሚያወጡትን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት መቀበል ነው። ኮምፒዩተር ግን ከቍጥር በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። እንግዲህ ከኮምፒዩተሩ በፊት የአንጎልን ስፍራ ወደ ቍጥር የለወጠ ሰው ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ይህን ያደረጉት ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። አንደኛው የዚህ ጽሑፍ ባለ ታሪክ የሆነው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሰር ቪክቶር ሆርስሊ ነው። ሁለተኛው ሮበርት ክላርክ ሲሆን እርሱንም በስፍራው እናነሣዋለን። አንባቢ ልብ እንዲል፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቪክቶር ሆርስሊ በለንደን ከተማ አፕሪል 14 ቀን 1857 ዓመተ ምሕረት ተወለደ። በዚያችው ዕለት የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጨረሻ ልጃቸውን ልዕልት ቢያትሪስን ተገላገሉ። ንግሥቲቱም በአንድ ቀን የተወለደው የሠዓሊው ልጅ በስማቸው እንዲጠራ ስለ ወደዱ ሕፃኑ ቪክቶር ተባለ። አባቱ ጆን ካልኮት ሆርስሊ ስመ ጥር ሠዓሊ ነበረ። ዛሬ በገና ሰሞን ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚላላኩትን ባለ ሥዕል ካርድ በ1843 ዓ. ም. መጀመሪያ የሣለ እርሱ ነው ይባላል። አያቱም የዜማ ደራሲ ነበረ። በእንዲህ ያለ የሥዕልና የሙዚቃ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ የኪነ ጥበብ ሰው ይሆናል ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም። ቪክቶር ግን በልጅነቱ ይመኝ የነበረው ወታደር ለመሆን ነበር። ይህ ምኞት በወጣትነቱ አልተፈጸመለትም። በመጨረሻው ዕድሜው እንዴት እንደ ተፈጸመለት ወደ ኋላ እናያለን።

በኬንት አውራጃ በክራንብሩክ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ሕክምና ለመማር ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ። በዚያ ዘመን የሕክምና ተማሪዎች ከመምህራቸው ቃል ይልቅ የገዛ ዓይናቸውን እንዲያምኑ የሚያስተምሩ ሊቃውንት በኮሌጁ ነበሩ። ወጣቱ ሆርስሊ ትምህርቱን ከልክ በላይ የተቀበለ ይመስላል፤ ምክንያቱም ማደንዘዣ ጋዝ በሰው ነርቭ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ በፈለገ ጊዜ ራሱን እያደነዘዘ ጓደኞቹ የጕልበቱን ምት እንዲመዘግቡ አደረገ። ይህንም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም ያደረገው፤ ደጋግሞ ነው። ይህ ድፍረት ለማንም ተማሪ የሚመከር አይደለም፤ ሆኖም ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ ያስረዳል። በሌላ ፍጡር ላይ የሚሞክረውን ነገር በራሱ ላይ ለመሞከር ወደ ኋላ አይልም ነበር።

በ1884 ዓ. ም. ገና በ27 ዓመቱ የብራውን ተቋም ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። ይህ ተቋም የታመሙ እንስሳት የሚታከሙበትና በሽታቸው የሚመረመርበት የለንደን ቤት ነበረ። ሆርስሊ በዚያ በቈየባቸው ስድስት ዓመታት ውስጥ የሠራውን ሥራ ሌላ ሰው በሙሉ ዕድሜው ቢሠራው የሚያስመሰግነው ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ በአንገት ላይ ያለውን ታይሮይድ የሚባለውን ዕጢ የሚመለከት ነው። እንቅርት የሚወጣው ይህ ዕጢ ሲያብጥ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ በዚያ ዘመን ግን ዕጢው ለምን እንደ ተፈጠረ በርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሆርስሊ ከጦጣዎች አንገት ዕጢውን ባወጣው ጊዜ እንስሳቱ ሰውነታቸው እያበጠ፣ እየደነዘዙና እየቀዘቀዙ ሄዱ። ይህም በሰዎች ላይ ይታይ ከነበረ አንድ በሽታ ጋር አንድ ዓይነት ነበረ። ስለዚህ በሽታው የመጣው ከዕጢው መጥፋት እንደ ሆነ ታወቀ።

ሁለተኛው ሥራው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ. ም. በዚህ በሽታ ላይ ክትባት ማግኘቱን ባስታወቀ ጊዜ እንግሊዞች ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ አቋቋሙ። ሆርስሊ የጉባኤው ጸሐፊ ሆነ፤ ወደ ፓሪስ ሄዶ የፓስተርን አሠራር ተመለከተ፤ ተመልሶም በብራውን ተቋም ሙከራውን ራሱ ደገመው። የፓስተር ነገር እውነት መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ግን በክትባቱ ብቻ አልረካም። እንግሊዝ በባሕር የተከበበች ደሴት ስለ ሆነች ውሾች ሁሉ አፋቸው በማሰሪያ ቢለጐም፣ ከውጭ የሚመጣውም ውሻ ለብቻው ተለይቶ ቢቆይ በሽታው ከአገሩ ጨርሶ ይጠፋል ብሎ ተከራከረ። የውሻ ወዳጆች ክፉኛ ተቈጡት። መንግሥት ግን ምክሩን ተቀበለ፤ በ1902 ዓ. ም. በሽታው ከብሪታንያ ጠፋ። በእኛ አገር የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው የሚገድል ስለ ሆነ ይህ የሆርስሊ ምዕራፍ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1886 ዓ. ም. ሆርስሊ በለንደን ኩዊን ስኩዌር በተባለው ሰፈር በሚገኘው የሽባዎችና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕሙማን ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆኖ ተመደበ። በዚያን ጊዜ የሰውን ራስ ቅል ከፍቶ አንጎሉን መንካት ከመግደል ብዙም ያልራቀ ሥራ ተብሎ ይፈራ ነበር። ለመፍራትም ምክንያት ነበረ። የመጀመሪያው ምክንያት ቍስሉ መመርቀዙ ነው፤ ይህ በጆሴፍ ሊስተር ትምህርት፣ ይኸውም ጀርም በሚገድል መድኃኒት በመታጠብ እየቀለለ ሄዶ ነበር። ሁለተኛው የሚፈሰው ደም ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ግን የስፍራ ጥያቄ ነበር። አንጎል ከውጭ አይታይም፤ የዚያ ዘመን ሐኪም ደግሞ ኤክስ ሬይ እንኳ አልነበረውም። ታዲያ በሽታው የት እንዳለ ሳያውቅ የት ይከፍታል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት የኤሌክትሪክ ሙከራዎች ናቸው። በ1870 ዓ. ም. ሁለት ጀርመናውያን የውሻን አንጎል ገጽ በኤሌክትሪክ ሲነኩ በተቃራኒው ጐን ያለው እግር እንደሚንቀሳቀስ አሳይተው ነበር። ከእነርሱም በኋላ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ፌሪየር፣ ቀጥሎም ሆርስሊ ራሱ ከባልንጀሮቹ ጋር የጦጣን አንጎል ገጽ በኤሌክትሮድ እየነኩ፣ ይህች ስፍራ አውራ ጣትን፣ ያችኛዋ ከንፈርን፣ ሌላይቱ ጕልበትን ታንቀሳቅሳለች እያሉ ካርታውን አወጡ። እንግዲህ የሕመምተኛው መንዘፍዘፍ ከአውራ ጣቱ የሚጀምር እንደ ሆነ ሐኪሙ ራስ ቅሉን ሳይከፍት ጕዳቱ ያለበትን ስፍራ ሊገምት ይችላል።

በሜይ 25 ቀን 1886 ዓ. ም. ሆርስሊ በዚህ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና አደረገ። በሽተኛው የ22 ዓመት ወጣት ነበረ። በልጅነቱ በኤዲንበርግ ከተማ ጋሪ ገጭቶት ራሱ ተሰብሮ ነበርና ከዚያ ወዲህ የሚጥል በሽታ ሲያሠቃየው ኖሯል። ፌሪየርና ታላቁ የነርቭ ሐኪም ሂውሊንግስ ጃክሰን ቆመው እያዩ ሆርስሊ ራስ ቅሉን ከፈተ፤ በአንጎሉም ላይ የቀረውን ጠባሳ ቈርጦ አወጣ። ወጣቱም ዳነ። በሚከተለው ዓመት ሆርስሊ በተከታታይ ያደረጋቸውን ዐሥር የአንጎል ቀዶ ጥገናዎች ለሕክምና ማኅበር በጽሑፍ አቀረበ። ደምንም በሚመለከት ነገር፣ ከአጥንቱ ውስጥ የሚመነጨውን ደም ለመግታት የንብ ሰም ከሌላ ነገር ጋር ለውሶ በአጥንቱ ላይ መለጠፍን አስተማረ። ይህ ቀላል ብልሃት ከመቶ ዓመት በኋላም በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ አልተረሳም።

በጁን 9 ቀን 1887 ዓ. ም. የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ይሰቅላል። አንድ የ42 ዓመት የጦር መኰንን በጀርባው ሕመም ሦስት ዓመት ተሠቃይቶ በመጨረሻ ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ጋወርስ የተባለው ሐኪም በሕብለ ሰረሰሩ ላይ እባጭ አለ፤ እርሱም በዚህ ስፍራ ነው ብሎ ፈረደ። እስከዚያን ቀን ድረስ ማንም ሐኪም እንዲህ ያለውን እባጭ ከሕብለ ሰረሰር ላይ በሚገባ አውጥቶ አያውቅም። ሆርስሊ በተነገረው ስፍራ አከርካሪውን ከፈተ። ምንም የለም! ጥቂት ወደ ላይ ከፍ አለ፤ አሁንም ምንም የለም። ብዙ ሐኪም በዚህ ጊዜ ቍስሉን ሰፍቶ ይመለስ ነበር። እርሱ ግን አንድ አጥንት ጨምሮ ወደ ላይ ቢያነሣ የለውዝ ፍሬ የምትመስል እባጭ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭናው ተገኘች። መኰንኑ ከዓመት በኋላ ያለ ምርኵዝ እየተራመደ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ይህን ነገር በተለይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰውየው ዕድሜ ልክ እግር የተንጠለጠለው በጥቂት ሣንቲ ሜትር ስሕተት ላይ ነበረ። በጀርባ ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት አንድ አጥንት በመጨመር ይታረማል። በአንጎል ጥልቀት ውስጥ ግን እያረሙ መሄድ የለም፤ የተነካው ሁሉ ይጐዳል።

ሆርስሊ እጀ ፈጣን ሐኪም ነበረ። በ1900 ዓ. ም. ኋላ የአሜሪካ የአንጎል ቀዶ ጥገና አባት የተባለው ወጣቱ ሐርቪ ኩሺንግ ሊያየው ወደ ለንደን መጥቶ ነበር። ኩሺንግ እንደ ተረከው ሆርስሊ በአንዲት ሴት ቤት ገብቶ ከባድ የሆነውን የፊት ነርቭ ቀዶ ጥገና በጥቂት ደቂቃ ፈጽሞ ወዲያው ሄደ። ኩሺንግ በፍጥነቱ ከመደነቅ ይልቅ ደንግጦ ለራሱ ዝግታን መረጠ ይባላል። እኔም በዚህ ረገድ የኩሺንግ ወገን ነኝ። የሚገርመው ግን በሕሙማን ላይ ይህን ያህል ይቸኵል የነበረው ሰው በቤተ ሙከራው ውስጥ ሚሊ ሜትር ለመቍጠር ዓመታት መታገሡ ነው።

በቤተ ሙከራው የገጠመው ችግር እንዲህ ነበር። የአንጎልን ገጽ በኤሌክትሮድ መንካት ቀላል ነው፤ ራስ ቅሉ ከተከፈተ በኋላ በዓይን ይታያልና። በአንጎል ሆድ ውስጥ የተቀበሩት ክፍሎች ግን አይታዩም። ከዚያ በፊት የነበሩት ተመራማሪዎች ወደ ጥልቁ ለመድረስ በላይ ያለውን እየቈረጡ ይገቡ ነበር። ታዲያ እንስሳው ከዚያ በኋላ ቢንገዳገድ ያንገዳገደው የታችኛው መጐዳት ነው ወይስ የላይኛው መቈረጥ? ማንም ሊመልስ አይችልም። ሆርስሊ ይመረምር የነበረው ከራስ ቅል በስተኋላ ያለውን፣ የሰውነትን ሚዛንና የእንቅስቃሴን ልክ የሚጠብቀውን ትንሹን አንጎል ነበረ። በዚህም ክፍል ውስጥ ዋናዎቹ ማዕከሎች በጥልቀት ተቀብረው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ሮበርት ሄንሪ ክላርክ ይገባል። ክላርክም ሐኪም ነበረ፤ ነገር ግን አሳቡ እንደ መሐንዲስ ነበረ። መሣሪያውን የፈለሰፈው እርሱ ነው፤ ሆርስሊም የክላርክ መሣሪያ እያለ ይጠራው ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ በ1905 ዓ. ም. በለንደን በስዊፍት የመሣሪያ ሥራ ቤት ተሠራ። አሠራሩን በቃል ለማስረዳት እሞክራለሁ። የእንስሳው ራስ በብረት ማዕቀፍ ውስጥ ይያዛል። ሁለት ዘንጎች በሁለቱ የጆሮ ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ ሌሎች መያዣዎች ደግሞ በዓይን ጕድጓዶች የታችኛው ጠርዝ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ራሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊነቃነቅ አይችልም። ከዚያ በኋላ ራሱ በሦስት ምናባዊ ገበታዎች ይከፈላል። አንዱ ግራውን ከቀኙ፣ ሁለተኛው ፊቱን ከኋላው፣ ሦስተኛው ላዩን ከታቹ ይለያል። በአንጎል ውስጥ ያለች ማንኛዪቱም ነጥብ ከእነዚህ ከሦስቱ ገበታዎች ባላት ርቀት ትታወቃለች። መርፌውም በማዕቀፉ ላይ ሚሊ ሜትር በተጻፈባቸው ሐዲዶች እየተንሸራተተ በሦስቱ ቍጥሮች ወደ ተወሰነችው ነጥብ ይወርዳል። በዚህ መጽሔት ገጽ መጀመሪያ ላይ ያነሣነው አምፖል ይኸው ነው።

ነገር ግን ቍጥሩ ከየት ይመጣል? ለዚህ ክላርክና ሆርስሊ የሞቱ እንስሳትን ራስ አቀዝቅዘው እንደ ዳቦ በስሱ እየቈረጡ እያንዳንዱ ክፍል ከሦስቱ ገበታዎች በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚገኝ አስተዋሉ። በዚህም የአንጎል አትላስ ተጀመረ። መርፌው ራሱ ከጫፉ በቀር በመስታወት የተሸፈነ ስለ ሆነ ኤሌክትሪኩ በጫፉ ብቻ ይወጣል። ደካማ ኤሌክትሪክ የላኩበት እንደ ሆነ ስፍራው ይነቃል፤ ሌላ ዓይነት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ጥቂት ጊዜ የላኩበት እንደ ሆነ ግን በጫፉ ዙሪያ ያለችውን ትንሽ ስፍራ ብቻ ያጠፋታል፤ በላይ ያለው አንጎል ግን ከቀጭኗ የመርፌ መንገድ በቀር አይነካም። ይህን ሁሉ በ1908 ዓ. ም. ብሬይን በተባለው የሕክምና መጽሔት በሰፊ ጽሑፍ አወጡት። የአሠራሩም ስም ስቴሬዮታክሲክ ተባለ፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን ጥልቀት ያለው አካልና ሥርዓት ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ተለያዩ። ክላርክ መሣሪያው ለሰው ሕክምናም ይሆናል ብሎ አሰበ፤ አትላሱንም ማስፋቱን ቀጠለ፤ በ1926 ዓ. ም. ሞተ። የእርሱ ስም ከሆርስሊ ስም በኋላ ሁለተኛ ሆኖ መጠራቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ክላርክ መሣሪያውን ቢፈጥር፣ ጥያቄውን፣ ቤተ ሙከራውንና የነርቭ ዕውቀቱን የያዘው ሆርስሊ ነበርና አንዱ ያለ አንዱ ሊሆን አይችልም ነበር።

በዚህ ሁሉ ላይ ከባድ ክስ ተነሥቶበታል። ሥራው በጦጣና በድመት፣ በውሻም ላይ የተሠራ ነውና በእንግሊዝ አገር የነበሩ የእንስሳት ተቈርቋሪዎች ጨካኝ ነው እያሉ በጽሑፍና በአደባባይ ያወግዙት ነበር። በ1892 ዓ. ም. በፎክስተን ከተማ በተደረገ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ሆርስሊ ተነሥቶ፣ በተቈርቋሪዎቹ መጽሐፍ ውስጥ ሐኪሞቹ እንስሳቱን በማደንዘዣ እንዳስተኟቸው የሚናገረው ቃል በብዙ ስፍራ መዘለሉን አሳየ። በዚህ ነገር እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበረ። አነጋገሩ ግን ቍጡ ስለ ነበረ ጠላቱን አበዛ እንጂ አልቀነሰም። እንስሳን ለሰው ጥቅም መጠቀም እስከ ምን ድረስ ይገባል የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም፤ በብዙ አገሮች ተመራማሪው ሙከራውን ከመጀመሩ በፊት ለዚህ የተቋቋመ ጉባኤ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከሆርስሊ ታሪክ ጥቂት ወጣ ብለን የመሣሪያውን ዕድል እንከተል። መሣሪያው ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ከቈየ በኋላ በ1930ዎቹ ራንሰን የተባለ ሊቅ በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ እንደ ገና አነሣው፤ በድመትና በጦጣ አንጎል ሥር የሰውነትን ሙቀትና እንቅልፍን የሚገዙትን ስፍራዎች መረመረበት። ለሰው ግን ወዲያው ሊሆን አልቻለም። ምክንያቱም የአንዲት ድመት ራስ ከሌላይቱ ድመት ራስ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ የሰው ራስ ቅል ግን አንዱ ረዥም፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከጆሮና ከዓይን ጕድጓድ ተነሥቶ የተለካ ቍጥር በአንዱ ሰው ላይ እውነት ሲሆን በሌላው ላይ ሐሰት ይሆናል። በ1947 ዓ. ም. በፊላደልፊያ ስፒግልና ዋይሲስ የተባሉ ሐኪሞች ይህን ችግር አቃለሉት። ልኩን ከራስ ቅል ሳይሆን በኤክስ ሬይ ከሚታዩ በአንጎል ውስጥ ካሉ ምልክቶች ጀመሩ። በዚህም መሣሪያው መጀመሪያ ለሰው ዋለ።

ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር መጣ። በ1971 ዓ. ም. በለንደን ዊምብልደን ሰፈር በሚገኝ ሆስፒታል የሐውንስፊልድ መሣሪያ የመጀመሪያውን የበሽተኛ አንጎል ሥዕል አነሣ። መሣሪያው ኤክስ ሬይን ከብዙ አቅጣጫ በራስ ላይ ያሳልፋል፤ ኮምፒዩተሩም ብዙ ሺህ ሒሳብ ሠርቶ አንጎሉ እንደ ተቈረጠ ዳቦ ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። አንባቢ ያስተውል፤ ክላርክና ሆርስሊ በሞተ ራስ ላይ በመጋዝ ያደረጉት ነገር አሁን በሕያው ሰው ላይ ያለ ቢላዋ ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ማዕቀፉ በበሽተኛው ራስ ላይ እንዳለ ሥዕሉን ማንሣት ተጀመረ። የማዕቀፉ ምልክቶች በሥዕሉ ላይ ስለሚታዩ ሐኪሙ በሥዕሉ ላይ አንዲት ነጥብ ሲያመለክት ኮምፒዩተሩ ሦስቱን ቍጥሮች ይሰጠዋል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ሰው የገዛ ራሱ አትላስ ሆነ።

በ1985 ዓ. ም. በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ከተማ ለፋብሪካ የተሠራ የሮቦት ክንድ በኮምፒዩተር እየተመራ ለአንጎል ቀዶ ጥገና አገለገለ። ክንዱ ያደረገው የመርፌውን መሪ ቱቦ በትክክለኛው ስፍራና አቅጣጫ መያዝ ነው፤ መርፌውን ያስገባው ግን የሐኪሙ እጅ ነበር። በ1987 ዓ. ም. በፈረንሳይ ግረኖብል ከተማ ቤናቢድና ባልደረቦቹ በሚንቀጠቀጡ ሕሙማን አንጎል ጥልቀት ኤሌክትሮድ ተክለው ፈጣን የኤሌክትሪክ ምት ቢልኩበት መንቀጥቀጡ ጸጥ አለ። ለፓርኪንሰን በሽታ ከሚፈለጉት ስፍራዎች አንዷ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ ናት። ኤሌክትሮዱ በሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የሳተ እንደ ሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ጎረቤት ይፈስና የበሽተኛው ፊት ይሸማቀቃል ወይም አንደበቱ ይታሰራል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ሐኪሞች በኮምፒዩተሩ ቍጥር ብቻ አይታመኑም። መርፌው እየወረደ ሳለ የነርቭ ሕዋሳቱን ምልክት በድምፅ ማጕያ ያዳምጣሉ፤ እያንዳንዱ የአንጎል ክፍል የራሱ የሆነ ድምፅ አለውና።

በምርምር ቤቶች ደግሞ ማዳመጡም ለኮምፒዩተር ተሰጥቷል። በ2005 ዓ. ም. የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት በጦጣ ራስ ላይ የሚቀመጥ ጥቃቅን ሞተር ያለው መሣሪያ ሠርተው አሳዩ። ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሮዱን ከሚሊ ሜትር መቶኛ ባነሰ እርምጃ ያወርዳል፤ የአንዲት ሕዋስ ምልክት ሲያገኝ ቀስ ብሎ ይጠጋል፤ ምልክቱ ጥርት ሲል ይቆማል። አንጎል ግን ለስላሳ ነው፤ ከትንፋሽና ከልብ ምት ጋር ይነቃነቃልና ምልክቱ ሲደክም ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሮዱን እንደ ገና ያስተካክላል። የሰው እጅ እንዲህ ያለውን ሥራ ለሰዓታት ሳይደክም ለመሥራት አይችልም።

እንግዲህ ወደ ባለ ታሪካችን እንመለስ። ሆርስሊ በ1887 ዓ. ም. ኤልድሬድ ብራምዌል የተባለችውን የታዋቂ መሐንዲስ ልጅ አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። በ1902 ዓ. ም. ሰር የሚለውን የማዕርግ ስም ተቀበለ። ክብር ግን ጸጥተኛ አላደረገውም። ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት እንዲያገኙ ተከራከረ፤ ድኾች በመድን ገንዘብ የሚታከሙበትን ሕግ ደገፈ፤ በዚህም ከብዙ ሐኪሞች ጋር ተጣላ። ለፓርላማ ሊመረጥ ቀርቦ አልተሳካለትም። ከሁሉ ይልቅ የታገለው መጠጥን ነበር፤ በ1907 ዓ. ም. ከአንዲት ሐኪም ጋር ሆኖ አልኮል በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጕዳት መጽሐፍ አሳተመ። ወዳጆቹ ለምን እንደ ሌሎቹ ሊቃውንት ሥራውን ብቻ ይዞ አይቀመጥም ሳይሉ አልቀሩም። ለእርሱ ግን የአንጎልን በሽታ ማከምና አንጎልን የሚያደነዝዘውን መጠጥ መዋጋት አንድ ሥራ ነበረ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ዓ. ም. ሲነሣ ዕድሜው 57 ነበርና በለንደን ተቀምጦ ቍስለኛ ማከም ይችል ነበር። እርሱ ግን ወደ ጦር ሜዳ ለመሄድ ጠየቀ። በ1915 ዓ. ም. ወደ ግብፅ ዘመተ፤ በጋሊፖሊ ጦርነት ጊዜ የጦሩ የቀዶ ጥገና አማካሪ ሆነ። ከዚያም በ1916 ዓ. ም. የእንግሊዝ ጦር በብርቱ ወደ ተቸገረበት ወደ ሜሶፖታሚያ ሄደ። በዚያ የቍስለኞቹ መጓጓዣና መድኃኒት፣ የሚጠጡትም ውሃ እጅግ የጐደለ ሆኖ ስላገኘው ለአለቆቹ ያለ ፍርሃት ይናገር ነበር። የአገሩ ሐሩር በጥላ ሥር እንኳ የሚያቃጥል ነበር። ሆርስሊ ግን አልኮል የማይጠጣን ሰው ፀሓይ አይጐዳውም በሚል እምነት ይመስላል፣ በቀትር ከድንኳን ወደ ድንኳን እየዞረ ሕሙማንን መጐብኘት አልተወም።

በጁላይ 16 ቀን 1916 ዓ. ም. ሐሩሩ መታው፤ ትኵሳቱም በርትቶበት በ59 ዓመቱ ሞተ። የሞተባት ከተማ ስሟ ዓማራ ይባላል፤ ስሟ ከእኛው አገር ስም ጋር ቢገጥምም በኢራቅ፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር የምትገኝ ናት። በዚያው በወታደሮች መቃብር በኮሎኔል ማዕርጉ ተቀበረ።